ታይፑ አልመታ ሲል አትጫኑት፣ መጀመሪያ የትኛው ሎክ እንደያዘው ፈልጉ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ ከደጀን የአባቱን ታይፕ (የጽሕፈት መኪና) በማዳበሪያ ጠቅልሎ ደብረ ማርቆስ ድረስ ይዞልኝ መጣ። "ጋሼ ቁልፉ በሙሉ ደርቋል፣ አንዱም አልጫን አለኝ" አለኝ። አስቀምጬ ሳየው ምንም የደረቀ ነገር የለም፣ ካሪጁ ተቆልፎ ነው፣ በጎን ያለችውን ትንሽዬ ማንሻ ገፋ ሳደርጋት ሁሉም ቁልፍ ነፍስ ዘራ። ችግሩ ግን ልጁ ከዛ በፊት አልጫን ያለውን ቁልፍ በአውራ ጣቱ እየተደገፈ ሲጫነው ሰንብቷል፣ ሁለት ማገናኛ ሽቦ ጎብጧል። ሎኩን መፍታት ሁለት ሰከንድ ነው፣ ሽቦዎቹን ማቅናት ግን ሙሉ ከሰዓት ፈጀብኝ።

ይሄ አንድ ሰው ብቻ ላይ የደረሰ ነገር ቢሆን ባልጻፍኩት። አሁን አሁን ብዙ ሰው የአባቱን ወይ የአያቱን ታይፕ ከቆጥ አውርዶ መሞከር ጀምሯል፣ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው፣ ግን ማሽኑ "እምቢ" ሲል የሚሰብሩት ብዙ ናቸው። ታይፕ እምቢ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ተበላሽቶ አይደለም፣ ከመበላሸት ሊድን ነው እምቢ የሚለው። ፋብሪካው ሆን ብሎ የሠራለት መቆለፊያ አለ፣ አንድ ብቻም አይደለም፣ እያንዳንዱ የሚጠብቀው ነገር አለው።

ቃላችን እንዳይምታታ፣ ቁልፍ ስል በጣት የምትጫኑትን ማለቴ ነው፣ የሚይዘውን የሚቆልፈውን ሎክ እለዋለሁ። ካሪጅ ደግሞ ያ ወረቀቱንና ሮለሩን ተሸክሞ ግራና ቀኝ የሚመላለሰው ላይኛው ክፍል ነው።

መጀመሪያ ቁልፉ እንዴት እንደሚሠራ ካላወቃችሁ ሎኩ ምን እንደያዘ አይገባችሁም። ቁልፉን ስትጫኑ ከስሩ ያለው ዘንግ ይወርዳል፣ ዘንጉ በቀጭን ሽቦ አድርጎ ፊደሏን የተሸከመችውን ክንድ ይስባታል፣ ክንዷ ተነስታ ሪቦኑን፣ ቀለም የጠጣውን ጥብጣብ፣ ትመታለች ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ልክ ስትመታ ደግሞ ለሁሉም ክንዶች የጋራ የሆነ አንድ ብረት ትገፋለች፣ እሱ ጥርስ ያስለቅቃል፣ ካሪጁ አንድ ፊደል ያህል ወደ ግራ ይሄዳል። ካሪጁን የሚጎትተው ሞተር የለውም፣ እንደ ግድግዳ ሰዓት የተጠቀለለ ስፕሪንግ ነው በገመድ የሚስበው፣ መስመር ጨርሳችሁ ካሪጁን ወደ ቀኝ ስትመልሱት እሱን ስፕሪንግ ነው የምትሞሉት። ስለዚህ ከጣታችሁ እስከ ወረቀቱ ያለው ነገር ሁሉ ቀጭን ሽቦና ቀጭን ዘንግ ነው። ሎኩ የሚይዘው እዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንድ ቦታ ገብቶ ነው፣ እናንተ ከላይ በኃይል ስትጫኑ ሎኩ አይለቅም፣ መሀል ላይ ያለችው ሽቦ ናት የምትጎብጠው።

እና ቁልፍ አልጫን ሲል የማደርገውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳለሁ። ከካሪጁ ሁለት ጫፎች በአንዱ ላይ ያለችውን የካሪጅ ማስለቀቂያ ይዤ ካሪጁን ቀስ ብዬ ወደ መሀል አመጣዋለሁ፣ ስፕሪንጉ ስለሚስበው በሌላው እጄ እየያዝኩ ነው፣ ለቀቅ ካደረጋችሁት ተወርውሮ ሄዶ ይጋጫል። አሁን ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። መሀል ሲደርስ ቁልፎቹ ከሠሩ የያዘው የመስመር መጨረሻ ሎክ ነበር ማለት ነው፣ ምንም ብልሽት የለም። ካሪጁ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ጭራሽ ካልነቃነቀ የጉዞ ሎክ ነው። ካሪጁ በነፃነት እየሄደ፣ መሀል ላይም ሆኖ ቁልፍ ሁሉ ካልተጫነ ግን አንድ ነገር ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል ማለት ነው፣ ስፔስ ባሩ ተጭኖ ሳይመለስ ቀርቶ ይሆናል፣ ባክስፔስ ወይ ታብ ተይዞ ይሆናል፣ ወይ ሁለት ክንድ ተቆላልፏል። አንድ ቁልፍ ብቻ ከሆነ እምቢ ያለው ደግሞ ሎክ አይደለም፣ ቆሻሻ ወይ የጎበጠ ክንድ ነው። እዚህች ጋ ሁለት ደቂቃ ብትታገሱ ግማሹን ሥራ ጨርሳችኋል።

የመስመር መጨረሻ ሎክ

ብዙ ሰው የሚያማርርበት ይሄ ነው እኔ ግን በጣም የምወደው ይሄን ነው። በቀኝ በኩል ማርጂን፣ ማለትም መስመሩ የሚያልቅበትን ገደብ፣ አስተካክላችሁ ስትጽፉ መጨረሻው ሊደርስ ጥቂት ፊደል ሲቀረው ደወል ይደውላል፣ እንደ ማሽኑ ይለያያል፣ ስድስትም ሰባትም አሥርም ፊደል ሊሆን ይችላል። ደወሉን አልፋችሁ ከቀጠላችሁ ካሪጁ ማርጂኑ ጋ ደርሶ ይቆማል፣ ያኔ ከማርጂኑ የተያያዘ ማስተላለፊያ አንድ ብረት ይገፋና ቁልፎቹ እንዳይወርዱ ያግዳቸዋል። ቁልፉ ትንሽ ሄድ ይልና ድንጋይ እንደነካ ይቆማል።

ለምን አስፈለገ ብትሉ፣ ካሪጁ ቆሞ ቁልፉ ግን ቢሠራ የምትመቱት ፊደል ሁሉ አንዱ በአንዱ ላይ ይከመራል። ይሄን የሚያግድ ሎክ የሌላቸው ርካሽ ማሽኖችም አሉ፣ እነሱ ላይ እያያችሁ ካልጻፋችሁ ሦስት አራት ፊደል አንድ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ነው የምታገኙት። አጎቴ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ እየጻፈ ነው ቤተሰብ ያሳደገው፣ እኔም ልጅ ሆኜ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ካርቦን እያስገባሁለት ነው ታይፕ የለመድኩት። አንድ ጊዜ የራሱ ማሽን ተበላሽቶ በተዋሰው ሎክ በሌለው ታይፕ የመሬት ክርክር ጻፈ፣ መስመሩ መጨረሻ ላይ የወደቀው የገንዘብ ቁጥር የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች አንድ ላይ ተከመሩ፣ በዋናውም በሦስቱም የካርቦን ኮፒም ላይ። ባለጉዳዩ ከገጠር በእግሩ የመጣ ሽማግሌ ነበሩ፣ "ይሄ ቁጥር አይነበብም" ተብለው ተመለሱ፣ ሌላ ቀን ሌላ መንገድ። አጎቴ ያን ቀን ያዘነውን አልረሳም፣ ገንዘቡንም መልሶላቸው እንደገና በነፃ ጻፈላቸው። ከዛ ወዲያ ለኔ ሲያስተምረኝ ሎኩ የሚጠብቀው ብረቱን ብቻ እንዳይመስልህ፣ ባለጉዳዩንም ነው ይለኝ ነበር።

አማርኛ ስትጽፉ ይሄ ሎክ የራሱ አያያዝ አለው። ፊደላችን ከ200 በላይ ነው፣ ታይፑ ላይ ያለው ቁልፍ ደግሞ ከ50 አይበልጥም፣ በሺፍት እጥፍ ቢሆንም አይበቃም። ስለዚህ የአማርኛ ታይፕ ብዙ ፊደል የሚሠራው ገጣጥሞ ነው፣ ዋናውን ፊደልና የካዕቡን የሣልሱን ቅጥያ ለየብቻ ትመታላችሁ፣ ከሁለቱ ምት አንዱ ካሪጁን አያስኬድም። ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ሰዎች ፊደላችንን እዚህች ጠባብ ኪቦርድ ውስጥ ለማስገባት ምን ያህል እንደደከሙ የሚገባችሁ ቁጭ ብላችሁ አንድ ገጽ ስትጽፉ ነው። ታዲያ ደወሉን ስትቆጥሩ የጣታችሁን ምት ሳይሆን የካሪጁን እርምጃ ቁጠሩ፣ አንዳንዱ ፊደል ሁለት ምት ሆኖ አንድ እርምጃ ነው። እንግሊዝኛ የለመደ ሰው አማርኛ ታይፕ ላይ ሲቀመጥ ደወሉ የዘገየ ወይ የፈጠነ የሚመስለው ለዚህ ነው።

አንድ የሚያግዘን ነገር ግን አለ። በእኛ አጻጻፍ ቃል መስመር መጨረሻ ላይ የትም ጋ ቢከፈል አይነወርም፣ ድሮ በብራና ላይም እንደዚሁ ነው፣ ሁለት ነጥብ ቃሉን ስለሚለየው ሰረዝ አያስፈልግም። ስለዚህ "እንደማይመለከታቸው" የሚል ረጅም ቃል መሀል ላይ ሎኩ ቢይዛችሁ መስመር መልሳችሁ ቀጥሉ በቃ። ካሪጁን ስትመልሱ ሎኩ ራሱ ይለቃል።

አንድ ወይ ሁለት ፊደል ብቻ ቀርቶ እዛው መጨረስ ከፈለጋችሁ ደግሞ የማርጂን ማስለቀቂያ የምትባል ቁልፍ አለች። ብዙ ጊዜ ኪቦርዱ ጫፍ ላይ ወይ ካሪጁ አጠገብ ናት፣ አንዳንዱ ላይ ኤም አር የሚል ፊደል ተጽፎባታል፣ አንዳንዱ ላይ ቀስት ነው ያለባት። እሷን አንዴ ስትጫኑ ሎኩ ይለቃል ትቀጥላላችሁ። ይህችው ቁልፍ ከግራ ማርጂን ወደ ውጪ ወጥታችሁ ተራ ቁጥር ለመጻፍም ትጠቅማለች፣ ተጭናችሁ ይዛችሁ ካሪጁን ወደ ቀኝ መግፋት ነው። ግን የወረቀቱን ጠርዝ እያያችሁ፣ ሎኩን ለቃችሁ ወረቀቱ ካለቀ ፊደሉ ባዶ ሮለር ይመታል፣ ሮለሩ ጎማ ነው፣ ሲቆይ ይቦረቦራል።

ሎኩ መሥራቱን መሞከር ቀላል ነው። ቀኝ ማርጂኑን ወደ መሀል አምጡት፣ ስፔስ ባሩን እየመታችሁ እስኪቆም አስኪዱት፣ ከዛ አንድ ፊደል በቀስታ በአንድ ጣት ንኩ። ካልወረደ ጤነኛ ነው። ከወረደና ወረቀቱ ላይ ከመታ ወይ ማሽናችሁ ከመጀመሪያውም ሎክ የለውም ወይ ማስተላለፊያው ቆሽሾ አልተመለሰም። አንዳንድ ሰው ሎኩ ሲያሰለቸው ማስተላለፊያዋን ፈትቶ ይጥላታል፣ እኔ ጋ እንደዛ ሆኖ የመጣ ማሽን አይቻለሁ፣ እባካችሁ ይሄን አታድርጉ፣ ያቺን ቁራጭ ብረት መልሶ ማግኘት አይቻልም።

የጉዞ ሎክ

ይሄ ደግሞ ካሪጁን መሀል ላይ የሚይዘው ነው። በተለይ በእጅ የሚያዙት ትንንሾቹ ታይፖች ላይ አለ። አብዛኞቻችን ቤት ያለው የኦሊቬቲ ነው፣ የጣሊያኑ ኩባንያ፣ በ1908 እ.ኤ.አ. ኢቭሪያ በምትባል ከተማ የተመሠረተው፣ ሌቴራ 22 በ1950 ሌቴራ 32 ደግሞ በ1963 የወጡ ናቸው። እነዚህ ቀላል ናቸው፣ በቦርሳቸው ይዛችሁ የምትሄዱት ዓይነት፣ ቀላል ስለሆኑም ካሪጁ ካልተያዘ በጉዞ ላይ ሲወዛወዝ ይጎዳሉ።

ሎኩ ያለበት ቦታ እንደ ሞዴሉ ይለያያል ስለዚህ ከኪቦርዱ ግራና ቀኝ፣ ከካሪጁ ሁለት ጫፎች፣ ከዛ ደግሞ ከኋላ በኩል በመብራት ፈልጉ፣ ትንሽ ማንሻ ወይ ተንሸራታች ነገር ናት። አንዳንዱ የሚቆለፈው ካሪጁ ልክ መሀል ሲሆን ብቻ ነው፣ ስለዚህ አልቆለፍ ካለ አትታገሉት፣ ካሪጁን ትንሽ ወዲያ ወዲህ እያደረጋችሁ ማንሻዋን በቀላሉ ንኩት፣ ቦታዋን ስታገኝ ራሷ ትገባለች። ሲቆለፍ አንዳንዱ ማሽን ላይ ቁልፎቹም አብረው ይያዛሉ፣ የደጀኑ ልጅ ማሽን እንደዛ ነበር፣ ሌላው ላይ ግን ቁልፉ ይመታል ካሪጁ ብቻ አይሄድም።

ለምን ይሄን ያህል አጥብቄ እንደምናገር ልንገራችሁ። አጎቴ የመጀመሪያውን ታይፕ የገዛው አዲስ አበባ ነው፣ በአውቶብስ ፖርቶመጋላ ላይ ጭኖ ነው ያመጣው። ጎሃ ጽዮንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ያለውን ጠመዝማዛ የሄደበት ሰው ያውቀዋል፣ እስከ ድልድዩ ቁልቁል ከዛ ደግሞ እስከ ደጀን ሽቅብ፣ በያንዳንዱ ኩርባ ላይ ዕቃው ወደ አንድ ጎን ነው የሚሄደው። ካሪጁ አልተቆለፈም ነበር። በየኩርባው ግራ ሄዶ ሲጋጭ ቀኝ ሄዶ ሲጋጭ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ካሪጁን የሚስበው ገመድ ተበጥሷል። አዲስ የተገዛ ማሽን ሲመታ ፊደሉ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ይከመራል፣ ካሪጁ አይሄድም። ገመዱን የተካው ከባሕር ዳር ባስመጣው የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር ነው፣ እስከ ዛሬም ያንኑ ክር ነው የያዘው።

(በነገራችን ላይ ገመዱ ከተበጠሰባችሁ ክሩን መተካት አስቸጋሪ አይደለም ግን ስፕሪንጉ ያለበትን ክብ ነገር ሳትይዙ አትፍቱት፣ ተሞልቶ ያለ ስፕሪንግ ነው፣ ካመለጣችሁ ተሽከርክሮ ጣት ይቆርጣል። ካልለመዳችሁ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ይሁን።)

ትልቁ የቢሮ ታይፕ ላይ የጉዞ ሎክ ላይኖር ይችላል። እሱን ስታጓጉዙ እንዲህ አድርጉ፣ ካሪጁን መሀል አምጡ፣ ግራና ቀኝ ማርጂኖቹን ወደ መሀል አቅርባችሁ ካሪጁ ወዲያም ወዲህም እንዳይል አጣብቁት። በዛ ላይ ካሪጁን ከአካሉ ጋር በጨርቅ ገመድ ሸብ አድርጉት፣ ሽቦ አይሁን ቀለሙን ይልጠዋል። ክንዶቹና ሮለሩ መካከል ንጹህ የተጣጠፈ ጨርቅ ብታስገቡም ጥሩ ነው፣ ጨርቁን ግን መድረሻ ላይ ማውጣት እንዳትረሱ፣ ጨርቅ እያለበት ቁልፍ መምታትም ሽቦ ያጎብጣል። መኪናው ውስጥ ደግሞ እግሩ ወደ ታች ሆኖ ይቀመጥ፣ ከኋላ ወንበር ስር ይሻላል ከፖርቶመጋላ።

ሺፍት ሎክ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ፊደሉ ሁሉ ያልጠበቃችሁት ሆኖ እየወጣ ከሆነ፣ "ሀ" ስትሉ ሌላ ከመጣ፣ ሺፍት ሎኩ ተይዟል። ከሱ አጠገብ ያለችውን የሺፍት ቁልፍ አንዴ ጫን አድርጋችሁ ልቀቋት ይነሳል። አልነሳ ካለ ሌላኛውንም ሺፍት ሞክሩ።

ስቴንስል ላይ ደግሞ ማስታወስ ያለባችሁ አንድ ነገር ነው። ድሮ ትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት የሚባዛው በስቴንስል፣ ሰም በተቀባ ስስ ወረቀት፣ ነበር፣ የኛ አስተማሪዎች ታይፕ የሚመቱት ሪቦን ሳይነካ ፊደሉ ሰሙን እንዲቀርጸው ነው። ለዚህ የሪቦን ቀለም መቀየሪያዋ ላይ ነጭ የሆነ ቦታ አለ፣ እዛ ላይ ስትሆን ሪቦኑ አይነሳም። ቁልፉ በደንብ እየመታ ወረቀቱ ባዶ ከሆነ ሎክ አትፈልጉ፣ እሷን ወደ ጥቁር መልሷት።

ክንዶች ሲቆላለፉ

ፈጥናችሁ ስትመቱ ሁለት ክንድ አንድ ላይ ተነስቶ አፍንጫቸው ላይ ይጋጠማሉ። ይሄ ሎክ አይደለም ግን ሎክ ይመስላል፣ ሁሉ ነገር ይቆማል። የሚደረገው ነገር ከላይ ያለውን ክንድ መጀመሪያ በጣት ወደ ራሱ ማረፊያ ገፋ ማድረግ ነው፣ ከዛ ሌላኛው ራሱ ይወድቃል። ወደ ጎን አትጎትቱ፣ በፒንሳ ጭራሽ አትንኩ። ክንዷ ወደ ጎን አንድ ፀጉር ያህል ከጎበጠች ፊደሏ እድሜ ልኳን ተንጋዳ ነው የምትጽፈው። አንድ ጠጋኝ የአጎቴን "ር" በፒንሳ ሲያቃና እስከ ዛሬ ከመስመር ዝቅ ብላ ነው የምትወጣው፣ ያንን ማመልከቻ ያየ ሰው ከማን ማሽን እንደወጣ በሷ ያውቅ ነበር።

የአማርኛ ታይፕ ላይ መቆላለፍ የሚበዛው ቅጥያውን ከፊደሉ ጋር እኩል ለመምታት ስለምንቸኩል ነው። አንዱ ወርዶ ሳይመለስ ሌላው አይነሳ። ታ ታ ታ እያለ በእኩል ምት የሚጽፍ ሰው ሲጽፍ የሰማችሁ እንደሆነ ከበሮ የሚመታ ነው የሚመስለው፣ ቀስ ብሎ ይመስላል ግን ከቸኮለው ቀድሞ ይጨርሳል ምክንያቱም አንዴም አይቆላለፍበትም።

ይሄን ነገር በብልሃት የፈቱት የአይቢኤም ሴሌክትሪክ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ታይፕ የሠሩ ሰዎች ናቸው፣ በ1961 እ.ኤ.አ. የወጣው። እሱ ክንድ የለውም፣ ፊደሉ በሙሉ አንድ ኳስ ላይ ነው ያለው፣ ኳሷ ትዞራለች ትጠመዘዛለች ትመታለች። ሁለት ቁልፍ እኩል እንዳይወርድ ከቁልፎቹ ስር በአንድ ቱቦ ውስጥ የተደረደሩ የብረት እንክብሎች አሉ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ጠቅላላ አንድ ቁልፍ ብቻ የሚያስገባ ነው። አንዱ ሲገባ እንክብሎቹ ተጠጋግተው ለሌላው ቦታ አይተርፍም። ማሽኑ ሲጠፋም በዛው ክፍተት ውስጥ ሌላ ብረት ይገባና ኪቦርዱ በሙሉ ይቆለፋል። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት የኤሌክትሪክ ማሽን አግኝታችሁ ቁልፉ አልጫን ካለ መጀመሪያ ማብሪያውን እዩ፣ መብራት ጠፍቶም ይሆናል።

ትልልቆቹ ማሽኖች ላይ ሎክ ለምን የሕይወት ጉዳይ እንደሆነ

ታይፕ ላይ ሎክ ብትጥሱ የሚበላሽባችሁ ሽቦና ወረቀት ነው። ማተሚያ ቤት የነበሩት የፊደል መልቀሚያ ማሽኖች ላይ ግን ሌላ ነው። ላይኖታይፕ የሚባለውን ኦትማር ሜርገንታለር የሚባል ጀርመን ተወላጅ ሠርቶት በ1886 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ትሪቢዩን ጋዜጣ ላይ ሥራ ጀመረ። 90 ቁልፍ ነው ያለው፣ እያንዳንዱ ቁልፍ ሲነካ ከላይ ካለው መጋዘን የዛችን ፊደል ቅርጽ የያዘች ትንሽ የናስ ቁራጭ ትወርዳለች፣ መስመሩ ሲሞላ ቁራጮቹ ተሰልፈው ቀልጦ የተዘጋጀ እርሳስ ይገፋባቸውና አንድ ሙሉ መስመር በአንዴ ተቀርጾ ይወጣል። እርሳሱ ብቻውን አይደለም፣ አንቲሞኒና ቆርቆሮ አለበት፣ ሙቀቱ 280 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሰውየው የተቀመጠው ከዛ ድስት አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው።

እዛ ላይ ቁልፉ እንደ ታይፕ ኃይል አይፈልግም፣ ጉልበቱን የሚሰጠው ከስር ሁልጊዜ የሚሽከረከር የጎማ ሮለር ነው። ጣት ቁልፉን ነካ ሲያደርገው አንዲት ትንሽ ብረት ሮለሩ ላይ ትወድቃለች፣ ሮለሩ ያዞራታል፣ እሷ ዘንጉን ወደ ላይ ትገፋለች። ስለዚህ ማሽኑ እየሠራ እያለ የተደገፈበት ነገር ሁሉ ፊደል ያወርዳል፣ ሲያጸዱትም መጀመሪያ ማጥፋት ግድ ነው። መጋዘኑን ሊያነሱት ሲፈልጉም መጀመሪያ የናስ ቁራጮቹን የሚይዝ የመቆለፊያ ዘንግ ይገባበታል፣ ያ ከተረሳ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቁራጮች መሬት ላይ ይፈሳሉ እነሱን በየቦታቸው መመለስ የቀን ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከእርሳሱ ጋር ያለው ሎክ ነው። መስመሩ በደንብ ሞልቶ ካልጠበቀ በቁራጮቹ መካከል ክፍተት አለ ማለት ነው፣ በዛ ክፍተት የቀለጠ እርሳስ ተተኩሶ ሊወጣ ይችላል፣ ሰው ያቃጥላል። ስለዚህ መስመሩ ካልጠበቀ ፓምፑ እንዳይገፋ የሚይዝ ማቆሚያ አለ። መስመሩን ይዞ የሚወርደው ክፍል እስከ ቦታው ካልወረደም ማሽኑን በራሱ የሚያቆም ሌላ ሎክ አለ። ሠራተኛው ማሽኑ ሲቆምበት "ምን ሆነ" ብሎ ይፈልጋል እንጂ እጀታውን በኃይል አይገፋም፣ ከገፋ የሚከተለውን ስለሚያውቅ። ሞኖታይፕ የሚባለው ደግሞ ኪቦርዱና ማቅለጫው ሁለት የተለያየ ማሽን ነው፣ ኪቦርዱ የሚበሳው የወረቀት ጥቅል ነው፣ ጥቅሉ ተወስዶ ማቅለጫው ላይ ይገጠማል፣ ስለዚህ ጸሐፊው ከእሳቱ ርቆ ነው የሚቀመጠው። አንድ ቦታ እንዲህ ዓይነት የቆመ ማሽን ካያችሁ፣ ሙዚየምም ይሁን የማተሚያ ቤት ጓዳ፣ ቁልፉን ለማየት ያህል እንኳ ከመንካታችሁ በፊት ኃይል እንዳልገባበት ጠይቁ።

ሎክ ካልሆነስ

ሁሉንም አይታችሁ ሎክ ካልሆነ፣ አንድ ወይ ሁለት ቁልፍ ወርዶ የማይመለስ ከሆነ፣ ቆሻሻ ነው። ክንዶቹ የተሰኩበት ግማሽ ክብ ብረት ስንጥቆች ውስጥ አቧራ፣ የላጲስ ፍርፋሪና የድሮ ዘይት አንድ ላይ ሆኖ እንደ ሙጫ ይደርቃል። እዛ ላይ ዘይት አትጨምሩ፣ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይሄን ነው፣ ለሁለት ቀን ይሠራል ከዛ አቧራውን ሰብስቦ ከበፊቱ ይብሳል። ከፋርማሲ አልኮል ግዙ፣ ውሃ ያልበዛበትን፣ በድሮ የጥርስ ብሩሽ ስንጥቆቹን እያሻሻችሁ ቁልፉን ደጋግማችሁ ምቱ፣ ቆሻሻው ሲወጣ በጨርቅ ጥረጉ፣ ድገሙት። ከስር ጨርቅ ይኑር፣ ቀለም የተቀባውና ፕላስቲኩ ላይ አልኮሉ እንዳይፈስ። ደግሞ ቡና እየተፈላ ባለበት ክፍል ውስጥ ከሰል አጠገብ ይሄን ሥራ እንዳትሠሩ፣ መስኮት ከፍታችሁ እሳት በሌለበት ነው። ዘይት የሚገባው ካሪጁ የሚሄድበት ሐዲድ ላይ ነው፣ የስፌት መኪና ዘይት፣ በጨርቅ ጫፍ አንዲት ጠብታ።

የኛ ክረምት ለብረት ክፉ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ጎጃም ውስጥ የማይረጥብ ነገር የለም፣ ታይፕ በላስቲክ ጥርቅም አድርጎ የጠቀለለ ሰው እርጥበቱን ከውስጥ ነው የዘጋበት፣ ከክረምት ሲወጣ ማስተላለፊያዎቹ ዝገው ሎኩ ራሱ ተጣብቆ ይቀራል። በጥጥ ጨርቅ፣ አሮጌ ነጠላም ቢሆን፣ ጠቅልላችሁ ከመሬት ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት፣ ምድጃ ጭስ የማይደርስበት። ከማስቀመጣችሁ በፊት ወረቀቱን አውጡ፣ የወረቀት ማስለቀቂያዋን ክፈቱ፣ አለዚያ ከሮለሩ ስር ያሉት ትንንሽ ጎማዎች ተጨፍልቀው ጠፍጣፋ ይሆናሉ። ሺፍት ሎኩን አንሱ። ካሪጁን መሀል አምጥታችሁ የጉዞ ሎኩን ቆልፉት፣ ልጆች ቢነካኩትም ካሪጁ አይወረወርም።

እና አንድ ወረቀት ላይ "ካሪጁ ተቆልፏል፣ ማንሻው በዚህ ጎን ነው" ብላችሁ ጽፋችሁ ክዳኑ ውስጥ ለጥፉለት። የደጀኑ ልጅ አባት እንዲህ ብለው ጽፈው ቢሆን ኖሮ ልጁ ያን ሁሉ መንገድ ተሸክሞት አይመጣም ነበር፣ እኔም መልሼ ስሰጠው ይሄንኑ በራሱ ታይፕ አስጻፍኩትና ክዳኑ ላይ ለጠፍንለት።